ለዘመን ስም የሚያወጣ ማን ነው?

ሰው ከተፈጥሮው የተነሣ ሰፊውን ነገር ሁሉ ከፍሎ ማየት ይወዳል። ቀኑን በሰዓት፣ ዓመቱን በወራት፣ ምድሩን በወሰን፣ ሕይወቱንም በሕፃንነት፣ በጎልማሳነትና በእርጅና ይከፍለዋል። ባይከፍለው ኖሮ ስፋቱ ያስፈራው፣ ብዛቱም ያደናግረው ነበር። ከዚህም የተነሣ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት የአንድን ሕዝብ ድርሰት ሁሉ በዘመን ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ዘመን ስም አውጥተውለታል። ይህ ሥራቸው ለአስተማሪም ለተማሪም ትልቅ እርዳታ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ስም ማውጣት እንደሚመስለው ቀላል ነገር አይደለም። ለልጅ ስም የሚያወጣለት ወላጁ ነው፤ ለዘመን ግን ስም የሚያወጣለት ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ነው። ልጁም ስም ሲያወጣ፣ አባቶቹ ከተናገሩት ውስጥ በእጁ የገባለትን ያያል እንጂ የጠፋውን ሊያይ አይችልም። እንግዲህ ዘመንን የሚከፍል ሰው ፈራጅ ነው ማለት ነው፤ ፍርድ ባለበትም ስፍራ ሁሉ እውነተኛ ሚዛንና ሐሰተኛ ሚዛን ይኖራል። ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንመረምረው ያሰብነው ይህን የሚዛን ጥያቄ ነው።

ነገሩን ከሩቅ ሳናመጣው ከሉማሜ እንጀምረው። ሉማሜ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሓ ወርዶና ወጥቶ፣ ደጀንንም አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ የሚያገኛት፣ በምሥራቅ ጎጃም የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋ የጤፍ አገር ነው። በዚያው በምሥራቅ ጎጃም ምድር ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያምና ደብረ ኤልያስ የሚባሉት ስመ ጥር የትምህርት ደብሮች ይገኛሉ። እንግዲህ ከሉማሜ ገበሬዎች ባንዱ ቤት ሁለት ወንድማማች ተወለዱ ብለን እናስብ። ታላቁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቅኔ ሊማር ወደ ዲማ ሄደ። ታናሹም ደብተሩን ይዞ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገባ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታናሹ የእንግሊዝን ሥነ ጽሑፍ ዘመናት ከነዓመታቸው በቃሉ የሚያወርዳቸው ሆነ። በአንድ በዓል ቀን ሁለቱ በአባታቸው ቤት ተገናኝተው ታናሹ፣ «ወንድም ጋሼ፣ የእኛስ የሥነ ጽሑፍ ዘመናት ስንት ናቸው?» ብሎ ቢጠይቀው ታላቁ ምን ይመልስለታል? ታላቁ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው፤ ዳሩ ግን የቆጠረው ቅኔ ሁሉ ከአፉ ወጥቶ ከነፋስ ጋር ሄዷል። የታናሹ ደብተር ሞልቷል፤ ታላቁ ግን የሚያሳየው አንድ ቅጠል ወረቀት እንኳ የለውም። ታናሹም ይህን ባዶነት አይቶ፣ «አባቶቼ ምንም አልተናገሩም» ብሎ ቢፈርድ፣ ጥፋቱ የማን ነው?

ይህን ለመመለስ አስቀድመን የታናሹን ደብተር ገልጠን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

በእንግሊዞች መጽሐፍ የመጀመሪያው ዘመን ከ5ኛው ምዕተ ዓመት እስከ 1066 የሚደርሰው የጥንታዊ እንግሊዝኛ ዘመን ነው። በዚህ ዘመን በር ላይ የምናገኘው ሰው መስፍን ወይም ጳጳስ አይደለም፤ ካድሞን የሚባል የከብት ጠባቂ ነው። መነኩሴው ቤዳ በ731 በፈጸመው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንደሚነግረን፣ ካድሞን በግብዣ ላይ በገናው በተራ እየዞረ ወደ እርሱ ሲቀርብ መዝፈን ስለማይችል አፍሮ እየተነሣ ይወጣ ነበር። አንድ ሌሊት በከብቶቹ በረት ተኝቶ ሳለ በሕልሙ እንዲዘምር ታዘዘ፤ ስለ ፍጥረትም ዘመረ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲሰማ ቅዱስ ያሬድን ሳያስታውስ አይቀርም። ያሬድም ትምህርቱ አልገባው ብሎ፣ ተግሣጹም መርሮት ከጉባኤው ወጥቶ ሲሄድ፣ ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግማ የምትወድቀውን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ፣ ከዚያም የዜማ አባት እንደ ሆነ አባቶቻችን ይተርካሉ። ሁለቱም በድንቁርናቸው አፍረው ከጉባኤ የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም መዝሙር ይዘው ተመለሱ። ነገር ግን ካድሞን ራሱ መጻፍ አያውቅም ነበር። ስሙን እስከ ዛሬ ያኖረው የቤዳ ብዕር ነው።

ከዚያው ዘመን የተረፈው ትልቁ የጀግንነት ግጥም ቤዎውልፍ ይባላል። ደራሲው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ወደ እኛ የደረሰውም በ1000 ዓመት ገደማ በተጻፈ በአንድ ብራና ብቻ ነው። ይህም ብራና በ1731 በለንደን በተነሣ እሳት ዳር ዳሩ ተቃጥሎ ለጥቂት ተረፈ። ያ እሳት አንድ ክንድ ያህል አልፎ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ሊቃውንቱ «የጥንት እንግሊዞች ረዥም የጀግና ግጥም አልነበራቸውም» ብለው በሙሉ ልብ በጻፉ ነበር። ፍርዳቸውም በቅን ልቡና የተሰጠ፣ ሆኖም ፈጽሞ የተሳሳተ ይሆን ነበር። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ፤ አለመገኘትና አለመኖር አንድ አይደሉም።

በ1066 የኖርማንዲ መስፍን ጊዮም እንግሊዝን ድል አድርጎ ሲይዝ የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ላቲን ሆነ፤ እንግሊዝኛ በእርሻውና በገበያው ቀረ። ከዚህ በኋላ እስከ 15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ያለው መካከለኛው ዘመን ይባላል። ባለቅኔው ቾሰር በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ስለ ካንተርበሪ ተሳላሚዎች በተናቀው በሕዝቡ ቋንቋ ጻፈ፤ በ1400ም ሞተ። በ1476 ካክስተን ማተሚያ ወደ እንግሊዝ አገር ባስገባ ጊዜ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ይህንኑ መጽሐፍ ማተም ነበር። በዚያው ምዕተ ዓመት እኛ አገር የሆነውን ብናይ፣ የመጻሕፍቱ ቋንቋ ግዕዝ ሆኖ ሳለ፣ ለዐፄ ዐምደ ጽዮን፣ ከእሳቸውም በኋላ ለዐፄ ይስሐቅና ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተገጠሙ የአማርኛ የድል ግጥሞች እናገኛለን። ከተጻፈ አማርኛ ሁሉ ቀደምት ሆነው የሚታወቁት እነዚህ ናቸው። የተመሰገኑት ነገሥታት ስም አለ፤ የገጣሚዎቹ ስም ግን የለም። ቾሰር ስም አለው፤ የእኛ ቾሰሮች ስም የላቸውም።

ሦስተኛው የንግሥት ኤልሣቤጥ ዘመን ነው። ንግሥቲቱ ከ1558 እስከ 1603 ነገሡ፤ ዘመኑም በስማቸው ተጠራ። ነገር ግን የሼክስፒር ሥራዎች ሲመረመሩ፣ ማክቤዝና ንጉሥ ሊርን የመሳሰሉት ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላ የተጻፉ ሆነው ይገኛሉ። የዘመኑ ስም ከዘመኑ ፍሬ ጋር ልክ አይገጥምም ማለት ነው። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ሼክስፒር በ1616 ሲሞት ከተውኔቶቹ ገሚሶቹ ገና አልታተሙም ነበር። የሥራ ባልንጀሮቹ የነበሩ ሁለት ተዋንያን፣ ሄሚንግስና ኮንደል፣ ከያለበት ሰብስበው በ1623 36 ተውኔቶቹን በአንድ መጽሐፍ አሳተሙለት። ከእነዚህ 18ቱ ቀድሞ ያልታተሙ ነበሩ፤ ማክቤዝም አንዱ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ማክቤዝን በአማርኛ ለመድረክ ሲያበቁት፣ ያን ቃል እስከ አዲስ አበባ ያደረሱት እነዚያ ሁለት ባልንጀሮች መሆናቸውን ስንቶቻችን አሰብን? ስለ ባለቅኔው ሺህ መጽሐፍ ተጽፏል፤ ስለ ሰብሳቢዎቹ የሚታወሰው ጥቂት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ዘመን የበለጠ ያስገርማል። ሚልተን ንጉሥን የተቃወመ፣ ንጉሡን አስወግዶ በቆመው መንግሥት ያገለገለ ሰው ነበር። በ1660 ዳግማዊ ቻርልስ ወደ ዙፋኑ ሲመለስ የሚልተን ተስፋ ሁሉ ፈረሰ። ዐይኑም ቀድሞ ታውሮ ነበር። በዚህ ሐዘን ውስጥ ሆኖ የጠፋችውን ገነት ታሪክ በቃሉ እየነገረ ሌሎች ጻፉለት፤ በ1667ም ታተመ። በዚህ ግጥም ውስጥ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን ስለሚጠብቁበት ስለ አማራ ተራራ እንኳ ተነሥቷል። እንግዲህ ዘመን ከፋዮቹ ይህን መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ የሚያስቀምጡት በየትኛው ዘመን ነው? «በንጉሡ መመለስ ዘመን» ነው። ሰውየው በጠላው ነገር ስም ተመዘገበ። ከዚህ የሚበልጥ የስም አወጣጥ ግፍ ይኖር ይሆን?

ከዚያ በኋላ የመጣው 18ኛው ምዕተ ዓመት የዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን ዘመን ነው። ጆንሰን በወጣትነቱ፣ ኢትዮጵያ ድረስ የመጣውን የፖርቱጋላዊውን የአባ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳትሞ ነበር። ሎቦ የዓባይን ምንጭ የጎጃምንም አገር በዐይኑ ያየ ሰው ነው። ጆንሰን ግን ኢትዮጵያን ሳያይ፣ እናቱ በሞቱበት በ1759 ስለ ሐበሻው ልዑል ስለ ራስላስ ታዋቂውን መጽሐፉን ጻፈ። ይህንንም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። በዚያው ዓመት በጎንደር ዐፄ ኢዮአስ ነግሠው፣ በጎጃም አድባራት የቅኔ ተማሪ በየዛፉ ጥላ ተቀምጦ ግሥ ይገሥስ፣ ቅኔ ይቆጥር ነበር። በለንደን የተፈጠረው የሐበሻ ልዑል እስከ ዛሬ ይናገራል፤ በእውነት የኖረው የሐበሻ ተማሪ ግን ዝም ብሏል። ይኸው ጆንሰን ነው በ1779፣ ከእርሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው የነበሩትን እነ ጆን ደንን፣ ሐሳብን ከሐሳብ በረቀቀ መንገድ ስላጋጠሙ፣ «የረቂቅ ፍልስፍና ባለቅኔዎች» ብሎ በወቀሳ ስም የሰየማቸው። እነርሱ ይህን ስም አያውቁትም። ሰምና ወርቅ የለመደ የጎጃም ሊቅ ግን የእነ ደንን ግጥም ቢሰማ፣ ጆንሰን የወቀሰውን እርሱ ባመሰገነ ነበር።

ከ1798 ጀምሮ ወርድስወርዝና ኮልሪጅ የከፈቱት የሮማንቲክ ዘመን መጣ፤ እነርሱም ራሳቸውን በዚህ ስም አይጠሩም ነበር፤ ስሙ ኋላ ተለጠፈባቸው። ኮልሪጅ በ1816 ባሳተመው ግጥም ውስጥም የዜማ መሣሪያ የምትመታ የሐበሻ ልጃገረድ በሕልም ትታያለች። ቀጥሎ ከ1837 እስከ 1901 የነገሡት የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነው። ይህ ዘመን በታናሹ ደብተር ውስጥ በታላላቅ ልብ ወለዶች የተሞላ ነው። በእኛ ታሪክ ግን በዚሁ ዘመን መካከል 1868 አለ። በዚያ ዓመት በሚያዝያ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ሞቱ። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከሰበሰቧቸው መጻሕፍት ከ300 በላይ የሚሆኑት ወደ ለንደን ሄደው በብሪታንያ ቤተ መዘክር ተቀመጡ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠይቀው አንዱ ተመልሶላቸዋል። እንግዲህ አንድ ሕዝብ የሥነ ጽሑፉ ወርቃማ ዘመን ብሎ በሚጠራው ጊዜ፣ የሌላው ሕዝብ መደርደሪያ ባዶ ሆነ። ሥነ ጽሑፋቸውን በዚህ አንወቅስም፤ ደራሲዎቻቸው ወታደሮቻቸው አይደሉምና። ነገር ግን ዘመን ስንከፍል ይህንንም መቁጠር ይገባናል።

ሁለት ታላላቅ መጻሕፍት ባንድ ዓመት፣ በ1922፣ የወጡበትን አዲሱን ዘመን ጨምረን የታናሹን ደብተር ብንዘጋው፣ ምን ተማርን? በመጀመሪያ፣ የዘመን ስም ከውስጥ የሚበቅል ሳይሆን ከውጭ የሚለጠፍ መሆኑን አየን። ሁለተኛም፣ ስሙ ብዙውን ጊዜ የገዢው እንጂ የደራሲው አለመሆኑን ተረዳን። ሦስተኛውና ዋናው ግን፣ በየዘመኑ ደጃፍ አንድ ሰብሳቢ ቆሞ መገኘቱ ነው። ቤዳ ባይጽፍ ካድሞን የለም፤ ሄሚንግስና ኮንደል ባይሰበስቡ ማክቤዝ የለም፤ የሚልተንን ቃል የሚጽፍ እጅ ባይኖር የጠፋችው ገነት ራሷ በጠፋች ነበር። እንግሊዞች ከእኛ የሚለዩት በመናገር አይደለም፤ የተነገረውን በማንሣት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛም ዘመኖቻችንን የከፈልነው በገዢዎችና በከተሞች ስም ነው፤ አክሱም፣ ዛጔ፣ ጎንደር እያልን። ከ1769 እስከ 1855 ያለውን ደግሞ ዘመነ መሳፍንት ብለን ከመጽሐፍ ቅዱስ በተወሰደ ስም የክፍፍልና የጨለማ ዘመን አድርገን ጠራነው። ለመንግሥት ታሪክ ይህ ስም ይገባው ይሆናል። ለቅኔ ታሪክ ግን ይገባዋልን? በዚያ ዘመን መሳፍንቱ በጦር ሲፈላለጉ፣ የቅኔውና የመጻሕፍት ትርጓሜው ጉባኤ አልተበተነም። ዋሸራና ጎንጅ፣ በወሎም ዋድላ፣ የየራሳቸውን የቅኔ መንገድ ይዘው ሲያስተምሩ ኖረዋል። አንድ ተማሪ ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤት መወድስ ለመድረስ የሚደክመው ድካም የመስፍኑን መውጣትና መውረድ አይጠብቅም ነበር። ስለዚህ የቅኔን ታሪክ በመሳፍንት ስም መክፈል፣ ሚልተንን በጠላው ንጉሥ ስም እንደ መመዝገብ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብርቱ መቃወሚያ ይነሣብናል፤ ሳንመልሰው ብናልፍም ደካሞች እንሆናለን። አንድ የዲማ መምህር ይህን ጽሑፋችንን ቢሰሙ እንዲህ ይሉን ይሆናል። «ልጆቼ፣ ቅኔ መሥዋዕት ነው። ዕጣን ከተቃጠለ በኋላ ጢሱን በስልቻ የሚሰበስብ አለን? ቅኔ ለዕለቱ በዓል፣ ለአምላክ ክብር ይቀርባል፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ የሰውን ቅኔ ማቅረብማ ሌብነት ነው። ይህ ሥርዐት ባይኖር ኖሮ ተማሪው አሮጌውን እየደገመ ይኖር ነበር እንጂ አዲስ ባላወጣ ነበር። ስሜ እንዲጻፍልኝ ብመኝ ደግሞ ውዳሴ ከንቱ ይሆንብኛል።» ይህ አነጋገር ከፍ ያለ ትሕትናና ጥልቅ የጥበብ ሥርዐት ያለበት ነው። በእርግጥም የቅኔ ምንጭ ያልደረቀው በየዕለቱ ስለሚቀዳ ነው። ሁሉ ነገር በመጽሐፍ ቢታሰር፣ ተማሪው ፈጣሪ መሆኑን ትቶ ገልባጭ ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝ አገርም ማተሚያው በበዛ ጊዜ የገጠሩ ዘፋኝ አፍ እየተዘጋ መሄዱን እናውቃለን።

ቢሆንም በዚህ ነገር ሁለት ሰዎች እንዳሉበት ማስተዋል ይገባል፤ ሰጪና ተቀባይ። ስጦታውን መርሳት የሰጪው ጌጥ ነው፤ በጎ ሥራውን የሚቆጥር ሰው ዋጋውን ያጣልና። ተቀባዩ ግን የተሰጠውን ቢረሳ ምስጋና ቢስ ይባላል። መምህሩ «ስሜን አትጻፉ» ቢሉ ትሕትናቸው ነው፤ እኛ «እሳቸው ስላልፈለጉ አልጻፍንም» ብንል ግን ስንፍናችንን በእሳቸው ትሕትና መሸፈናችን ነው። በአንድ ሰው ዘንድ ምግባር የሆነው ነገር በሌላው ዘንድ ጥፋት ሊሆን ይችላል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉትም ለወራሹ እንጂ ለአውራሹ የተነገረ ይመስለናል። ደግሞም የተጻፈ ቅኔ በማኅሌት እንዲደገም አንጠይቅም፤ ሥርዐቱ ይጠበቅ። የምንለው፣ ልጁ አባቱ የወጣበትን መሰላል ያየው ዘንድ ይጻፍ ነው።

ይህን ዕዳ የተረዱ ሰዎችም አልታጡም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የቀደሙትን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው አሳትመዋል፤ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬም ከዚያ በኋላ የራሳቸውን የቅኔ መጽሐፍ አበርክተዋል። እነዚህ የእኛ ሄሚንግስና ኮንደል ናቸው። የቅኔው ጉባኤ ለአዲሱ ሥነ ጽሑፍ እናት እንደ ነበረም ምስክር አለን። ተውኔት ጸሐፊው ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁም በምሥራቅ ጎጃም አድባራት ተምረው አድገው፣ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ማንኩሳንና ዲማን ለኢትዮጵያ አንባቢ ሁሉ አገሩ አድርገውለታል። በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ የአዲሱ ዘመን መጀመሪያ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ዛፍ ከመሬት በላይ በታየበት ቀን አይጀምርም፤ ሥሩ ቀድሞት ይኖራል። ዐይነ ስውር ሆነው ሳለ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው ለብዙ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩት የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፣ በዚህ የዘመን አከፋፈል ውስጥ በየትኛው ረድፍ ይገባሉ? ዐይነ ስውሩ ሚልተን በእያንዳንዱ የትምህርት መጽሐፍ ውስጥ ምዕራፍ አለው። የእኚህ እናት ምዕራፍ ግን ገና በተማሪዎቻቸው ልብ ውስጥ ነው፤ ልብ ደግሞ ያረጃል፤ ባለቤቱም ይሞታል።

እኛ ራሳችን ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለንም። በትምህርት ቤት ሳለን የእንግሊዝን ዘመናት አንድም ሳናስቀር ለፈተና ሸምድደናል፤ ሲጠይቁንም እንደ ዳዊት አውርደናል። የመንደራችንን መሪጌታ ግን በበዓል ቀን ያወጡትን ቅኔ ምሥጢሩ ምን እንደ ነበረ አንድ ቀን እንኳ ቀርበን አልጠየቅናቸውም። ሲቀኙ ሽማግሌዎቹ «ይበል!» እያሉ ሲደሰቱ፣ እኛ እንደ ባዕድ ቆመን እናይ ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ ብንጸጸት ጸጸታችን አንዲት ቃል አልመለሰልንም።

ከዚህ በኋላ የምንለው የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ይቅር አይደለም። ይልቁንም በሚገባ ይመርመር። እንግሊዝኛ ራሱ ለብዙ ምዕተ ዓመታት በላቲንና በግሪክ ፊት እንደ ተናቀ፣ በታላላቅ ትምህርት ቤቶቻቸውም እንደ ሙሉ ትምህርት ተቈጥሮ መሰጠት የጀመረው በ19ኛው ምዕተ ዓመት እንደ ሆነ የሚያውቅ ተማሪ፣ የራሱን ቋንቋ ለመናቅ አይቸኩልም። የሌላውን ሚዛን ማየት መልካም ነው፤ በሌላው ሚዛን የራስን እህል ሰፍሮ «ጎደለ» ማለት ግን ሞኝነት ነው። እንግዲህ ሹሙ በሚያስተዳድረው ወረዳ ያሉትን የቅኔ መምህራን ስምና ጉባኤ ይወቅ፤ አስተማሪውም ስለ ቾሰር ባስተማረበት ሳምንት ተማሪዎቹን ወደ ቅርቡ ደብር ይላክ፤ ተማሪውም ፈቃድ ጠይቆ፣ ቅኔውን ከነትርጓሜው፣ ከቀኑ፣ ከቦታውና ከተቀኘው ሰው ስም ጋር ይጻፍ። ይህ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ አንድ ደብተርና አንድ የሚያከብር ጆሮ ይበቃዋል። የዘመኖቹ ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ምስክር ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ በአገራችን ሕግ የተወገዘ ነው፤ ድምፃቸውን ሳንሰማ ለአባቶቻችን ዘመን ስም ብናወጣ እኛም እንደዚያ ያለ ዳኛ እንሆናለን።

ወደ ሉማሜ ቤት ተመልሰን ነገራችንን እንፈጽም። ሁለቱ ወንድማማች ገና በምድጃው ዳር ተቀምጠዋል። ታናሹ የጠየቀው ጥያቄ አልተመለሰለትም። ታላቁ ግን ምናልባት እንዲህ ይለው ይሆናል፤ «ዘመኖቻችን ስንት እንደ ሆኑ እኔ አላውቅም። ዛሬ ጧት በቅዳሴው ላይ የተቀኘሁትን ግን እነግርሃለሁ፤ ቀስ ብዬ ልበልልህ፣ ደብተርህን አውጣ።» ታናሹ የእንግሊዝ ዘመናት የተጻፉበትን ደብተር አውጥቶ፣ ባዶ ቅጠል ገልጦ፣ የወንድሙን ስምና የዕለቱን ቀን ከላይ ጽፎ ይጠብቃል። ለዚያ ዘመን ስም የሚያወጡለት የእነርሱ ልጆች ናቸው፤ ሲያወጡለት ግን የሚያነብቡት አንድ ቅጠል ይኖራቸዋል።